ለ15 ኪሎ ቮልት መስመር ፊውዝ ስትመርጡ
የከፍተኛ ቮልቴጅ ከረንት ገዳቢ ፊውዝ ውስጡ ቀላል ነው፦ በየቦታው የጠበበ ቀጭን የብር ጥብጣብ በሴራሚክ ዘንግ ላይ ተጠምጥሞ፣ ዙሪያው በኳርትዝ አሸዋ ታጭቋል። ሾርት ሲፈጠር ጥብጣቡ በጠበበባቸው ቦታዎች ሁሉ በአንዴ ይቀልጣል። ብዙ ትንንሽ አርኮች (የኤሌክትሪክ ብልጭታዎች) በአንድ መስመር ተደርድረው ይነሳሉ፤ አሸዋው ሙቀቱን እየዋጠ ይቀልጣል፣ ከረንቱም ጫፉ ላይ ሳይደርስ ይቆረጣል። አሸዋው ላልቶ ከታጨቀ ወይም እርጥበት ከገባው ግን ቱቦው ሊፈነዳ ይችላል።

ባለ 315 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር በ15 ኪሎ ቮልት ሙሉ ጭነቱ 12.1 አምፔር ነው። ታዲያ ባለ 16 አምፔር ፊውዝ ይበቃዋል? አይበቃም። ሲበራ ለ0.1 ሰከንድ እስከ 12 እጥፍ፣ 145 አምፔር ያህል ሊስብ ይችላል፤ የማቅለጫ ከርቩን (ፊውዙ በስንት አምፔር በምን ያህል ጊዜ እንደሚቀልጥ የሚያሳየውን ግራፍ) እዚያ ላይ አንብቡ።

«ቮልቴጁ ከፍ ያለ ፊውዝ ይሻላል» የሚባለውም አያዋጣም፤ ባለ 36 ኪሎ ቮልቱ እዚህ ሲቆርጥ የሚፈጥረው የአርክ ቮልቴጅ ኢንሱሌሽን (የኤሌክትሪክ መከላከያ ሽፋን) ሊበሳ ይችላል። ከሦስቱ ፌዞች የአንዱ ፊውዝ ከተቃጠለ ሦስቱንም ቀይሩ።