ኤደን ላይ ቢስማሙ ኖሮ

አጎቴ የድሬዳዋ ምድር ባቡር ጋራዥ ሠራተኛ ነበር። በ1969 ክረምት ከሶማሊያ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ዘመተ። በ1970 የካቲት መጨረሻ ጅጅጋ ተመለሰች፤ እሱ ግን አልተመለሰም። ሬሳም ወሬም አልመጣም። እናቴ የወንድሟን ፎቶ ሳሎን ሰቅላ፣ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች እኔን አሳደገች።

ላለፉት አራት ዓመታት ከሥራ መልስ አንድ የሌለ አገር ስገነባ ነው የማመሸው። ኢትዮጵያ፣ ሶማሊያና ደቡብ የመን በ1969 አንድ ኅብረት መሥርተው ቢሆን ኖሮ ኑሯችን ምን ይመስል ነበር? ስሙን በደቡብ የመን ዋና ከተማ በኤደን ሰይሜ የኤደን ኅብረት አልኩት። አሁን አሥራ አንድ አጫጭር ታሪኮች ወጥቶታል። እንዴት እንደጻፍኩት የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። የተሳሳትኩትንም ጨምሬ ልንገራችሁ።

መነሻውን እኔ አልፈጠርኩትም። መጋቢት 7 ቀን 1969 የኩባው ፊደል ካስትሮ መንግሥቱ ኃይለማርያምንና የሶማሊያውን መሪ ዚያድ ባሬን ኤደን ከተማ ላይ ፊት ለፊት አስቀመጧቸው። ጋባዡ የደቡብ የመኑ መሪ ሳሊም ሩባይ ዓሊ ነበሩ። የካስትሮ ሐሳብ አጭር ነው። ሦስታችሁም ሶሻሊስት ነን ትላላችሁ፤ እንግዲያው በድንበር ከምትዋጉ አንድ ፌዴሬሽን ውስጥ ግቡ። ዚያድ ባሬ መጀመሪያ የኦጋዴን ጉዳይ ይፈታ አሉ። ስብሰባው ያለ ውጤት ተበተነ። በዚያው ወር በ25ኛው ቀን ካስትሮ በርሊን ላይ ለምሥራቅ ጀርመኑ መሪ ለኤሪክ ሆኔከር ሁሉን ሲያወሩ የተያዘው ቃለ ጉባኤ ዛሬም አለ። ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ጦር ገባ።

ከመጋቢት እስከ ሐምሌ አራት ወር ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን ቀና ብዬ ፎቶውን አየሁት። ያን ሌሊት መጻፍ ጀመርኩ።

የጀመርኩት ግን ከማይሆን ቦታ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ባንዲራ ስስል ከረምኩ። ቀጥሎ ካርታ፣ ከዚያ የኅብረቱ መዝሙር። አርባ ገጽ ሲሞላ አብሮኝ ለተማረ የጅጅጋ ልጅ ሰጠሁት። በሁለተኛው ቀን ደወለልኝ።

«ዋርያ፣ ዋና ከተማው አዲስ አበባ። ጦሩ የናንተ። የቢሮ ቋንቋው አማርኛ። ታዲያ እኛ ምን አገኘን?»

መልስ አልነበረኝም።

«ይሄ ኅብረት አይደለም» አለ። «ካራማራን ያለ ጥይት ደገምከው እንጂ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ቆየሁ። እውነቱን ነበር። የሶማሊያ ባንዲራ ላይ ያለው ኮከብ አምስት ጫፍ አለው። ሁለቱ በ1960 እ.ኤ.አ. የተዋሃዱት የእንግሊዝና የጣልያን ሶማሌላንድ ናቸው። የቀሩት ጅቡቲ፣ ኦጋዴንና የኬንያ ሰሜን ምሥራቅ ናቸው። አንዱ ጫፍ እኛ ውስጥ ነው። እኔ የራሴን ባንዲራ ሦስት ሳምንት ስስል፣ ያ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያየው ኮከብ ምን እንደሚል አንድ ጊዜ አልጠየቅኩም። አርባውን ገጽ ጣልኩት።

ከዚያ በኋላ የፈረሱ ኅብረቶችን ማንበብ ያዝኩ። ግብጽና ሶሪያ በ1958 እ.ኤ.አ. ተዋሃዱ፤ በ1961 ሶሪያ ወጣች። ካይሮ ሁሉን እኔ ልዘዝ አለች፣ የሶሪያ መኮንኖች በገዛ አገራቸው የበታች ሆኑ። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብን ደግሞ እዩት። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ባቡሩም፣ ወደቡም፣ ፖስታውም፣ አውሮፕላኑም የጋራ ነበር። በ1967 እ.ኤ.አ. ውል ፈረሙ፣ በ1977 ፈረሰ። ካስትሮ ኤደን ላይ ሌላ ኅብረት ሲለምኑ፣ ጎረቤት ያለው በዚያው ዓመት እየተበተነ ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ ጥቅሙ ወደ ኬንያ ያደላል የሚል ቅሬታ ነው። የራሳችንም አለ። የኤርትራ ፌዴሬሽን ከ1945 እስከ 1955 አሥር ዓመት ኖረ። ባንዲራዋ ወረደ፣ ትግርኛና ዐረብኛ ከቢሮ ወጡ። ይህን ሁላችንም እንሰማለን። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የጉምሩክ ገቢው ድርሻ ነው። ኤርትራውያን ከወደቡ የሚሰበሰበው ገንዘብ በአግባቡ አይደርሰንም እያሉ ዓመታት ተከራክረዋል።

ጉምሩክ የሚለውን ቃል ስደርስበት አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

ያደግኩት ከዚራ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው። ከደወሌ በኩል የሚመጣው ባቡር ሲገባ ሴቶቹ ወፍረው ይወርዱ ነበር። አንዷ እኛ ግቢ ትመጣለች። ላቧ ግንባሯ ላይ ይንቆረቆራል። እናቴ ውሃ ሰጥታ ጓዳ ታስገባታለች። ስትወጣ ቀጭን ሴት ሆና ነው የምትወጣው። እኔ አልጋው ላይ የተወቻቸውን ቀሚሶች እቆጥራለሁ። አንድ ቀን ሰባት ነበሩ። ሰባት አዲስ ቀሚስ ደራርባ፣ በዚያ በረሃ ሙቀት፣ ፈታሽ እንዳይነጥቃት።

የኅብረቱ ታሪክ እውነት የሆነልኝ እዚህ ላይ ነው። አምስተኛው ታሪክ ውስጥ ይህች ሴት አንድ ቀሚስ ብቻ ለብሳ ከባቡሩ ትወርዳለች። ሌሎቹ ሻንጣ ውስጥ ናቸው። ፈታሹ ከፍቶ ይቆጥራል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ «በይ እለፊ እናቴ» ይላታል። እሷ ግን መሄድ አቅቷት ትቆማለች። ቀሚሷን ትነካካለች። ሰውነቷ መቅለሉን አላመነችም። ባንዲራ በዚያ ታሪክ ውስጥ የለም። የጅጅጋው ጓደኛዬ ይህን አንብቦ «አሁን ገባኝ» አለኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም።

ግን ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ገንዘብ ለማን ይግባ? በምን ገንዘብስ ትክፈል? ስምንት ወር የፈጀብኝ ይህ ነው፤ ደግሞም ከሁሉ የወደድኩት ሥራ ነው። ያኔ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር ነበር። የደቡብ የመን ዲናር ደግሞ ብቻውን ወደ ሦስት ዶላር የሚጠጋ ያወጣል። አንዱ ዲናር ስድስት ብር ገደማ ነው ማለት ነው። የሶማሌው ሽልንግ ከሁለቱም ያንሳል። መጀመሪያ አንድ የጋራ ገንዘብ አተምኩላቸው። ቁጭ ብዬ ሳሰላው የኤደን ሠራተኛ ደሞዝ፣ የድሬዳዋ ነጋዴ ዋጋና የበርበራ ከብት ሻጭ ሒሳብ ተደበላለቀ። ሰውየው ጠዋት ተነስቶ ቁጠባው ምን እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ ሦስቱን ገንዘቦች ተውኳቸው፤ መንግሥታቱ በየሦስት ወሩ ሒሳብ የሚያቻችሉበት አንድ ቢሮ ብቻ ከፈትኩ። ቀረጡን ደግሞ ዕቃው የገባበት ወደብ ሳይሆን ዕቃው የሚበላበት አገር ይውሰደው አልኩ። ይህን ከኤርትራ ክርክር ነው የተማርኩት።

ከዚያ ወደቦቹ ተጣሉብኝ። ስዊዝ ካናል ከ1967 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ተዘግቶ ስለነበር የኤደን ወደብ ረሃብ ላይ ነበር። ኤደን እንግሊዞች የተከሉት የነዳጅ ማጣሪያ ነበራት። ከባሕሩ ማዶ አሰብ ሶቪየቶች የሠሩት ሌላ ማጣሪያ ነበር። ለአንድ ኅብረት ሁለቱም ሙሉ ጊዜ ይሠራሉ? የትኛው ሠራተኛ ይቀነስ? ሰባተኛው ታሪክ ሙሉውን ይሄ ነው። አንድ የአሰብ የማጣሪያ ሠራተኛና አንድ የኤደን ሠራተኛ ስለ አንድ ቧንቧ ሲጨቃጨቁ ያመሻሉ። ብዙ አንባቢ አሰልቺ ይለዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። ከሁሉ በላይ የተወደደው እሱ ሆነ።

አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፣ የቀረው ራሱ ይከተል የሚለውን ምክር እኔም እሰጣለሁ። የእኔ አንድ ነገር ሞስኮ ናት። ሶቪየቶች ዚያድ ባሬን ለዓመታት ሲያስታጥቁ ኖረዋል፤ በርበራም ላይ ሰፍረው ነበር። በታሪኬ ውስጥ ከስብሰባው በፊት መለዋወጫ እናቆማለን ይሏቸዋል። ዚያድ ባሬም «እምቢ» በማለት ፋንታ «ኦጋዴን ራሱን ያስተዳድር፣ ከዚያ እንነጋገር» ይላሉ። በቃ። ሌላ ተአምር አልጨመርኩም።

ተአምር ልጨምር ያልኩበት ቦታ ግን ነበር። ከድሬዳዋ በሐረርና ጅጅጋ አልፎ በርበራ የሚደርስ ሐዲድ በሁለት ዓመት ዘረጋሁ። ጡረታ የወጡ አንድ የምድር ባቡር ሰው አነበቡልኝ። «ልጄ፣ ደንገጎን በምን ልትወጣው ነው?» አሉኝ። ሐረር ሊደርስ የታሰበው ሐዲድ ያ ተራራ ስለከበደው እኮ ነው ድሬዳዋ የተቆረቆረችው። ደግሞም የጅቡቲው መስመር ከ1897 እስከ 1917 እ.ኤ.አ. ሃያ ዓመት ወስዷል። ሐዲዱን ነቅዬ ከአይሻ በበረሃው በኩል አስጀመርኩት። ዛሬም አሥራ አንደኛው ታሪክ ላይ አላለቀም። ሠራተኞቹ እየሠሩ ነው። እኚያው ሰው የሰዓቱንም ነገር አስታወሱኝ። በእኛ አንድ ሰዓት ያልነው ጠዋት ኤደን ላይ ሰባት ነው። የባቡሩ ሰሌዳ በሁለቱም የሰዓት አቆጣጠር መታተም አለበት፤ አለዚያ ግማሹ ተሳፋሪ ይቀራል።

የከበደኝን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። እኔ የምፈልገው አጎቴ ያልሞተበትን አገር ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ሁሉን አሳመርኩት። ግን ኤደን ላይ የተቀመጡት ሰዎች በሕዝብ የተመረጡ አልነበሩም። ከስብሰባው ስድስት ሳምንት በፊት የደርጉ ሊቀመንበር ተፈሪ በንቲ ተገድለዋል። ቀይ ሽብር እየጋለ ነበር። ጋባዡ ሳሊም ሩባይ ዓሊ ራሳቸው በ1970 ሰኔ በጓዶቻቸው ተረሸኑ። ጦርነቱ ስለቀረ እስር ቤቱ አይቀርም። የኤርትራም ጦርነት ኤደን ላይ በተፈረመ ወረቀት አይቆምም። ሁለት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ሦስተኛውንና ዘጠነኛውን ታሪክ እንደገና ጻፍኳቸው። ዘጠነኛው ውስጥ አንድ ተማሪ ከቀበሌ አይመለስም። እያለቀስኩ ጻፍኩት። እሱን ባላስገባ የቀረውን ማን ያምነኛል?

ባለፈው ፋሲካ ለእናቴ የመጨረሻውን አነበብኩላት። ዓይኗ ደክሟል፣ ማንበብ አትችልም። የአይሻ ሐዲድ ሥራ ላይ ያለ አንድ የጋራዥ ሠራተኛ ለበዓል ወደ ቤቱ ሲመጣ ነው። ስሙን አልጠራሁትም። እሷ ግን አወቀችው። ቡናውን አስቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ይመጣል?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ፣ ይመጣል።»

«ባቡሩ በስንት ሰዓት ይገባል?»

«ከምሽቱ አሥራ ሁለት።»

«በእኛ?»

«በእኛ» አልኳት።