ሁለቱም ውኃ ነው

ሰበብ አይሁንብኝና፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። ለፔት ምርመራ (የሰውነትን ውስጥ በጨረር ለሚያሳየው ምስል) የምናመርተው ጨረር አመንጪ ፍሎሪን-18 በየ110 ደቂቃው ግማሹ ስለሚጠፋ ዛሬ አምርቶ ለነገ ማስቀመጥ ብሎ ነገር የለም። ጠዋት ፔት ምርመራ ላለው ታካሚ መድኃኒቱ ሌሊት ይሠራል።

አሠራሩ ሲወራ ቀላል ነው። ኦክስጅን-18 የተባለው ከባድ የኦክስጅን ዓይነት የበለጸገበት ውኃ፣ ሦስት ሚሊ ሊትር እንኳ የማይሞላ፣ ታርጌቱ (ውኃው የሚመታበት ትንሽ ዕቃ) ውስጥ ይገባል፤ በሳይክሎትሮኑ፣ ማለትም ቅንጣት በሚያፈጥነው ማሽን፣ የፈጠኑ ፕሮቶኖች ሲመቱት ኦክስጅኑ ፍሎሪን ይሆናል። በተራ ውኃ ውስጥ ካለው ኦክስጅን ይህ ዓይነቱ 0.2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የምንገዛው ግን ከ95 በመቶ በላይ ነው። ዋጋው ያስደነግጣል። በዓይን ሲያዩት ግን ቱቦዎቹን ከምናጥብበት ተራ ውኃ በምንም አይለይም፤ ጠርሙሶቹም ያኔ እኩያ ነበሩ።

እኔ ደግሞ መርፌውን የከተትኩት ማጠቢያው ውስጥ ነው።

የሚገርመው፣ ከመሣሪያዎቹ አንዱም ትንፍሽ አላለም። ቢሙ፣ ማለትም የፕሮቶኖቹ ጅረት፣ 40 ማይክሮ አምፒር ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። የታርጌቱ ግፊት የወትሮው ነው፤ ማቀዝቀዣውም ደኅና። ከአንድ ሰዓት በኋላ ውኃው በቀጭኑ ቱቦ ጨረር እንዳያመልጥ ወደተከለለው ሳጥን፣ ወደ ሆት ሴል፣ አለፈ።

«46 ጊጋቤክሬል» አለች ኬሚስቷ የጨረሩን መጠን ከመለኪያው አንብባ። «ዛሬ አነሰ።»

«ታርጌቱ ሳይቆሽሽ አይቀርም» አልኳት፣ ባለሙያ መስዬ።

ትንሽ ቆይታ ጠራችኝ። ቁጥሩ ወደ 30 ወርዷል። መጀመሪያ የታየን ፍሳሽ ነው፤ የክፍሉን የጨረር መቆጣጠሪያ አየን፣ ጸጥ ብሏል። እሷ የጀመረችውን አቁማ ሰዓቷን አወጣችና ከመለኪያው ፊት ቆመች። ከመጀመሪያው ንባብ 10 ደቂቃ ሲሞላ 23፣ በ20ኛው 11 ከምናምን።

«ይኼ ፍሎሪን አይደለም» አለች። «ምንድነው የሞላኸው?»

መልስ ሳልሰጥ ወደ መደርደሪያው ሄድኩ። ውዱ ውኃ ከነአሉሚኒየም ክዳኑ፣ ሳይነካ ተቀምጧል። ያ ክዳን እስካሁን በዓይኔ ይሄዳል።

የሆነው ይህ ነው፦ ፕሮቶን ተራውን ኦክስጅን-16 ሲመታ ናይትሮጅን-13 ይወለዳል፤ ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ግማሹ የሚጠፋበት ጊዜ፣ 10 ደቂቃ ነው። እሱም እንደ ፍሎሪኑ ፖዚትሮን (አዎንታዊ ኤሌክትሮን) ይለቃል፤ የሚወጣው ጨረር በሁለቱም 511 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ነው። ስለዚህ መለኪያው አልዋሸም፤ ያየውን ቆጠረ። ሁለቱን የሚለየው ሰዓት ብቻ ነበር፤ ፍሎሪን በ10 ደቂቃ 6 በመቶ ያህል እንጂ ግማሹን አያጣም። ምርቱ ከመለቀቁ በፊት ግማሽ ዕድሜው ከ105 እስከ 115 ደቂቃ መሆኑ ይፈተሻል፤ እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ያንን መስመር ስፈርም እንደ ወግ ነበር የማየው።

መስመሩን በሂሊየም አድርቀን እንደገና ጀመርን። ወደ ምርመራ ክፍሉ የደወልኩት እኔው ነኝ። ታካሚዎቹ ለምርመራው ሲሉ ከሌሊት ጀምሮ እህል አልቀመሱም፤ በእኔ ምክንያት ሌላ ሦስት ሰዓት ሊቆዩ ነው። ስልኩን ያነሳችው ነርስ አልተቆጣችም፤ ዝም ብላ ስማቸውን አንድ በአንድ አነበበችልኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን የማጠቢያው ጠርሙስ ሌላ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ቀይ ፕላስተር ተለጥፎበታል። የውዱን ክዳን የምንከፍተውም ሁለት ሆነን ነው። ኬሚስቷ ግን ዛሬም ውኃ ስጠጣ ካየችኝ «የትኛው ነው?» ትለኛለች።