ከደሴ ተነስቶ ውጭ አገር ለማስተማር፦ ወረቀቱ እንዴት ይሰናዳል?

«ውጭ አገር እንግሊዝኛ ላስተምር» የሚል የደሴና የኮምቦልቻ ተመራቂ ብዙ ነው። እኔ የገባሁት በሒሳብ ነው፤ ሌላውም በተመረቀበት ትምህርት ቢገባ ይሻለዋል። ለምሳሌ ጃፓን በትምህርት ቤት ቋንቋ ለሚያስተምር ሰው በምትሰጠው ቪዛ በዚያው ቋንቋ 12 ዓመት መማርን ትጠይቃለች። እኛ ግን አንደኛ ደረጃን በአማርኛ ጨርሰን ነው ሙሉ በሙሉ ወደ እንግሊዝኛ የምንዞረው።

ከምርቃት በኋላ ያለችው አንድ ዓመት ለማስተማርና ለወረቀት ትሁን። የሥራ ልምድ ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ይጻፍ፤ የትምህርቱን ዓይነት፣ ክፍሉን፣ የገቡበትንና የለቀቁበትን ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ግብር መከፈሉንም ይግለጽ። «በመምህርነት አገልግለዋል» ብቻ የሚል ደብዳቤ ብዙ አይረዳም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ስም ላይ ነው። «ሰይድ» በላቲን ፊደል ሦስት አራት ዓይነት ይጻፋል፤ «መሐመድ»ማ አያልቅም። ፓስፖርት ከማውጣታችሁ በፊት የ12ኛ ክፍል ውጤታችሁንና ዲግሪያችሁን አስተያዩ፣ ልዩነት ካለ መጀመሪያ አስተካክሉ። የትውልድ ዓመትም እንዲሁ ነው፦ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲቀየር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ 7 ይደመራል፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8። ለሁሉም 8 የሚደምር ሰው አንድ ዓመት ይስታል፤ ሁለት ሰነድ ላይ ሁለት ዓመት ከተጻፈ ደግሞ ኤምባሲ ይመልሳችኋል።

ቴምፖ (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃ) ይዞ መሄድ አያዋጣም። ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማግኘት የወጪ መጋራቱን መጨረስ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡን አስቀድማችሁ አስቡበት። ከዚያ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ሰነዱን የማረጋገጡን ሥራ በአንድ ጉዞ ጨርሱ፦ መጀመሪያ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ቀጥሎ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ መጨረሻ የምትሄዱበት አገር ኤምባሲ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ማኅተሙን አይቀበሉትም።

ለማስተርስ የሃንጋሪ መንግሥት ስኮላርሺፕ ጥሩ በር ነው። ብዙ ጊዜ ኅዳር ላይ ይወጣል፣ ጥር መጀመሪያ ይዘጋል። የትምህርት ክፍያ የለውም፤ ወርሃዊው 43,700 ፎሪንት ግን ብቻውን ለኑሮ አይበቃም።

አረብ ኢሚሬትስን ለመሳሰሉ አገሮች የማስተርስ ዲግሪው የሚረጋገጠው በተማሩበት አገር ነው እንጂ አዲስ አበባ አይደለም። ሳይረጋገጥ ወደ ቤት የተመለሰ ሰው ከደሴ ሆኖ በውክልና ሲያስጨርስ ወራት ያልፉበታል። ከወንጀል ነፃ ማስረጃውም ከተማራችሁበት አገር ጭምር ይጠየቃል፤ ጊዜው ቶሎ ስለሚያልፍበት ሥራው ሲገኝ እንጂ አስቀድማችሁ አታውጡት።