ከ8 ዓመት በኋላ ወደ ኤሌክትሪክ ሙያ ስመለስ የጣለኝ ግራውንድ

በ1999 ዓ.ም. በ10+2 ኤሌክትሪክ ተመርቄ ስድስት ዓመት ኮንዶሚኒየም ሳይት ላይ ሠራሁ። ግድግዳ ቆፍሬ ቱቦ ቀበርኩ፣ ሽቦ ሳብኩ፣ ስካቶላ (ማብሪያና ሶኬት የሚገባበትን የግድግዳ ሳጥን) ገጠምኩ። በ2005 ክፍያው አላዋጣ ሲለኝ ሚኒባስ ያዝኩና 8 ዓመት መሪ ላይ አለፈ። በ2013 ወገቤ እንቢ አለኝ፤ ወደ ፒንሳና ካቻቢቴዬ ተመለስኩ። አሁን የሌቭል 3 የብቃት ማረጋገጫ አለኝ፤ የሠራሁትን ቦርድ ማንም ቢከፍተው አላፍርም። በመሀል ግን አንድ ምዘና ጥሎኝ ነበር። የወደቅኩበትን ምክንያት ለማወቅ አምስት ወር ፈጀብኝ፤ በእነዚያ ወራት የሠራሁትን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል። ያኔ የሚነግረኝ ሰው ስላላገኘሁ ነው ይህን የምጽፈው።

የወረቀቱ ጉዳይ ቀላል ነው። የድሮ ትራንስክሪፕት፣ መታወቂያ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ክፍያ፤ በአንድ ሳምንት አለቀ። ስማችሁ በመታወቂያውና በትምህርት ማስረጃው ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን ብቻ አስቀድማችሁ እዩ። የጽሑፍ ፈተናውም አያስፈራም፤ 3,800 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 17 አምፔር ገደማ እንደሚስብ አስልቶ ሽቦና ብሬከር መምረጥ የሚችል ሰው ያልፈዋል።

ስመዘገብ «ልምድ አለህ፣ በቀጥታ ሌቭል 3 ተመዘን» ብለውኝ ነበር። እምቢ ብዬ ከሌቭል 2 ጀመርኩ። ብዙ ዓመት ለራቀ ሰው ዛሬም የምመክረው ይህንኑ ነው። ከታች ጀምሬም ወድቄያለሁና።

የተግባሩ ቀን የእንጨት ሰሌዳ፣ ማከፋፈያ ሳጥን፣ ከሁለት ቦታ የሚበራና የሚጠፋ አምፖል፣ አንድ ሶኬት ተሰጠን። ጊዜው 3 ሰዓት ነበር። እጄ ሥራውን ረስቶት ይሆናል ብዬ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እጄ ግን ምንም አልረሳም። ሽቦ መላጡ፣ ሞርሴቶ ማጥበቁ፣ ቱቦ ማጠፉ ትናንት የተውኩት ነበር የሚመስለው። ገና 45 ደቂቃ ሲቀር ከክፍሉ አንደኛ ሆኜ ጨረስኩ። ብሬከሩን ሳነሳ አምፖሉ በራ፤ ከሁለቱም ማብሪያ በትክክል ሠራ።

መዛኙ መጥቶ የሶኬቱን ክዳን ፈታ። ስካቶላውን ከፍቶ ረጅም ጊዜ አየው። «ከማብራትህ በፊት ምን ለካህ?» አለኝ። «ይኸው በርቷል እኮ» አልኩት። የሆነ ነገር ጽፎ አለፈ። እኔ በልቤ ሰርተፊኬቱን ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

ውጤቱ ሲለጠፍ ከስሜ ትይዩ «ገና ብቁ ያልሆነ» ይላል።

ቢሮው ሄድኩ። «ምኑ ላይ ነው የወደቅኩት?» ስል ልጅቷ ከመስኮቱ ውስጥ ቀና ሳትል «ውጤቱ ተለጥፏል» አለችኝ። ውጤቱን አይቼዋለሁ፣ ምክንያቱን ነው የምጠይቀው አልኳት። «እሱን እኛ አናውቅም፤ በሚቀጥለው ዙር ተመዝገብ።» በሳምንቱ ተመለስኩ፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ማመልከቻ ጽፈህ አስገባ ተባልኩ። ጻፍኩ፣ ማኅተም መቱልኝ፣ ቁጥር ሰጡኝ። እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም። የሚቀጥለው ዙር ደግሞ ይኼው ነው፣ ያ ነው እየተባለ አምስት ወር ተንከባለለ።

ሰፈር ያለ ወዳጄ «እጅ መንሻ ጠብቀው ይሆናል» ሲለኝ አመንኩት። አምኜም ዝም አላልኩም፤ ባገኘሁት ሰው ሁሉ ፊት ያንን መዛኝ ጉቦኛ ነው እያልኩ ስሙን አጠፋሁ። ቃል አይመለስም፤ ይህ ጸጸት አብሮኝ ይኖራል።

አምስቱን ወር የቤት ኪራይ አልጠበቀኝም። አራት ቤት ዘረጋሁ። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ለኤሌክትሪክ ሥራ የብቃት ማረጋገጫ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ከአራቱ ባለቤቶች ግን አንዱም ወረቀትህን አሳየኝ አላለኝም፤ እኔም አላነሳሁትም።

ምክንያቱን የሰማሁት ለቅሶ ቤት ነው። ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሰው የዚያን ቀን ወርክሾፑን የከፈቱልን መምህር ሆኑ። ትንሽ አስተዋሉኝና «አንተ ግራውንዱን የቆረጥከው ልጅ አይደለህም?» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ግራውንዱን፣ ማለትም የሾለከ ኃይል ወደ መሬት የሚወስደውን፣ ከማከፋፈያ ሳጥኑ የመጣውን አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ፣ ስካቶላው ውስጥ አሳጥሬ ቆርጬ፣ ጫፉን አጥፌ፣ በናስትሮ ጠቅልዬው ነበር። የሶኬቱ የግራውንድ ቦታ ባዶ ነበር። «ሥራህ እንዴት ያምር ነበር» አሉኝ መምህሩ፤ «ግን እንዲህ ዓይነት ሶኬት ሰው ይገድላል።»

ስቆርጠው አላስታውስም። እስከ ዛሬ ባስብ ባስብ አይመጣልኝም። የሠራው እጄ ነው። ሳይት ላይ አለቃችን «እሱን ማን ያየዋል፣ ቁረጠውና ቀጥል» ይለን ነበር፤ እኛም ፎቅ በፎቅ እየቆረጥን ወጣን። እጄ ምንም አልረሳም ብዬ የተደሰትኩበት ነገር ነው የጣለኝ። 8 ዓመት ያረፈ ሰው ችሎታው አብሮት እንደሚቆይ ሁሉ ጥፋቱም አብሮት ይቆያል፤ ያውም ሁለቱ አይለያዩም፣ በአንድ ፍጥነት ነው የሚመጡት።

መዛኙ ልክ ነበር። ቢሮውን ግን ዛሬም ይቅር አላልኩትም። ፋይሌ ላይ ምክንያቱ ተጽፏል። አንድ መስመር ነው፤ «የመሬት ሽቦ አላገናኘም፣ ሳይለካ አበራ»። ያችን መስመር ቢያነቡልኝ ኖሮ በማግስቱ እጄን አርም ነበር። ሰው ሊገድል የሚችል ስህተት እየሠራሁ መሆኔን እያወቁ፣ ሳይነግሩኝ ወደ ሰው ቤት መልሰው ላኩኝ። ስለዚህ የወደቃችሁ ሰዎች «በሚቀጥለው ዙር» ስትባሉ ከመስኮቱ አትነሱ። የወደቃችሁበትን ነጥብ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ካልሰጧችሁ ወርክሾፑ ውስጥ የነበረውን ሰው ፈልጉ።

ለሁለተኛው ምዘና ማሠልጠኛው የድሮ ጥያቄዎች ኮፒ ሊሸጥልኝ ፈለገ፤ አልገዛሁም። በዚያ ብር ላይ ጨምሬ መርካቶ ወርጄ የኢንሱሌሽን መለኪያ ሜገር ገዛሁ። ሙያ ላይ ለመመለስ የምታስቡ ከድሪል በፊት እሱን ግዙ። ጫፉ ላይ መብራት ያለውን ቴስተር ካቻቢቴ ደግሞ ለማጥበቂያ ብቻ ተጠቀሙበት። ፀሐይ ላይ መብራቱ አይታይም፤ ኒውትራል (መመለሻው ሽቦ) ሲበጠስ ደግሞ ኒውትራሉን ፌዝ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) አስመስሎ ያሳያችኋል። መለኪያችሁን መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በምታውቁት ቦታ ሞክሩት፣ ከዚያ የምትሠሩበትን መስመር ለኩ፣ ከዚያ ተመልሳችሁ በመጀመሪያው ቦታ ሞክሩት። ሦስቱንም። ሁለተኛው ምዘና ላይ እጄን ለማዘግየት ስል እያንዳንዱን አረንጓዴ ሽቦ ከነካሁ በኋላ ወረቀት ላይ ምልክት አደርግ ነበር። 3 ሰዓቱ ሊያልቅ 10 ደቂቃ ሲቀረው ጨረስኩ፤ አለፍኩ። ሌቭል 3 በዓመቱ ተከተለ።

ሰርተፊኬቱን በያዝኩ ሳምንት ወደ አራቱ ቤቶች በራሴ ወጪ ተመለስኩ። ሦስቱ ጋ በአንድ በአንድ ቀን አለቀ። አንደኛው ባለቤት ተቆጣኝ፤ መቆጣቱ ተገቢ ነው፣ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁት።

አራተኛው ጀሞ ነው፤ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት ቤት። ማድ ቤቱ ውስጥ ምጣዱ ሥር አንድ ጣውላ ተነጥፏል። ምንድን ነው ብላቸው «ይነዝረኛል ልጄ፣ እሱ ላይ ስቆም ይተወኛል» አሉኝ። ከእኔ ሥራ በኋላ ወራት ሙሉ ጣውላ ላይ ቆመው ነው የጋገሩት። ሸክላው እርጥበት ሲጠጣ ከሽቦው ኃይል ይሾልካል፤ ግራውንድ ከሌለው መሄጃው የሚነካው ሰው አካል ነው፤ ብሬከሩም እንዲህ ላለው ትንሽ ፍሳሽ አይጥልም። ጣውላው ረጥቦ ቢሆን ኖሮ ብዬ ማሰብ አልቻልኩም።

ጓሮ የመዳብ ዘንግ ቀበርኩ፣ እስከ ምጣዱ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር አዲስ ሽቦ ከነግራውንዱ ሳብኩ፣ ቦርዱ ላይ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ (ትንሽ ኃይል ሲሾልክ እንኳ መስመሩን የሚቆርጥ መሣሪያ) ገጠምኩ። ለካሁ። የአርሲዲውን መሞከሪያ ስጫነው ወዲያው ጣለ። እሳቸው በሩ ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «ታዲያ ያኔ ለምን እንዲህ አላደረግከውም?» አሉኝ። አላውቅም ነበር ልላቸው ነበር፤ ግን በ10+2 ተምሬዋለሁ። «ቆርጬው ነበር፣ እናቴ» አልኳቸው። ምንም አልመለሱልኝም። ጎንበስ ብለው ጣውላውን አነሱና ለማገዶ ወደ ጓሮ ወሰዱት።