"ሊምፎሳይት ነው" ብዬ የላክሁት ውጤት

ላብራቶሪ ስሠራ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። የማታ ተረኛ ነበርኩ፣ ከዋርድ የሰረሰር ፈሳሽ መጣ፣ ውሃ የመሰለ ጥርት ያለ። ሪኩዌስቱ (የምርመራ ማዘዣው) "ራስ ምታት፣ አንዱን ሁለት አድርጎ ማየት" ይላል፣ እሱም በግድ ነው የሚነበበው፣ ሌላ ሂስትሪ (የበሽተኛው የሕመም ታሪክ) ባዶ። ቆጠርኩ፣ ነጭ ሴል 85፣ ፕሮቲኑ ከፍ ያለ፣ ሹገሩ ደህና፣ ስላይዱን ሳየው ትንንሽ ክብ ክብ ሊምፎሳይቶች (አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴል) ብቻ፣ አንዱም አያስደነግጥም። መቼም ቫይረስ ነው ብዬ "ሊምፎሳይት 95%" ጽፌ ላክሁና ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

ጠዋት ጋሼ (የክፍላችንን አንጋፋ እንደዛ ነው የምንጠራቸው) ስላይዱን አይተው ዝም አሉና "ሲቢሲውን አይተኸዋል?" አሉኝ፣ የደም ሴል ቆጠራውን ማለታቸው ነው። የት አይቼ! ስንከፍተው ነጭ ሴሉ 62,000፣ የደሙ ስላይድ ላይ ደግሞ ስመጅ ሴል የምንላቸው ጭፍልቅልቅ ያሉ ሴሎች ሞልተዋል። ለካ ሰውየው ሲኤልኤል (ቀስ ብሎ የሚሄድ የሊምፎሳይት የደም ካንሰር) ያለበት፣ ያለ መድኃኒት በክትትል ብቻ የሚኖር ነው።

ብላስት (ያልበሰለ የደም ካንሰር ሴል) ቢሆን እኮ ገና ሳየው እጮህ ነበር፣ የሲኤልኤል ሴል ግን የበሰለ ሊምፎሳይት ስለሚመስል ዓይን ብቻውን አይለየውም። ሰበብ ፈለግሁ፣ መርፌው ደም ስር ነክቶ ከደሙ የገባ ቢሆንስ አልኩ። "ቀይ ሴል ስንት ቆጠርክ?" አሉኝ። ሁለት። 85 ነጭ ከደም ቢገባ በሺህ የሚቆጠር ቀይ አብሮት ይገባ ነበር፣ አፌን ዘጋሁ።

ፍሎው ሳይቶሜትሪ (ሴሎችን በላያቸው ባለው ምልክት የሚለይ ምርመራ) ተላከ። ቫይረስ ቢሆን የሚበዛው ቲ ሴል የሚባለው የሊምፎሳይት ዓይነት ነው፣ የእሱ ግን ቢ ሴል ሆኖ ሲዲ5፣ ሲዲ19ና ሲዲ23 የሚባሉት የሲኤልኤል ምልክቶች ያሉት፣ ሁሉም ባለ አንድ ዓይነት ላይት ቼይን (የፀረ እንግዳ አካል ክፍል)፣ ማለትም ከአንድ ሴል የተባዙ የካንሰሩ ሴሎች። የሲኤልኤል ሰው በሽታ የመከላከል አቅሙ ደካማ ስለሆነ ኢንፌክሽኑም ሁሉ ተፈተሸ፣ ምንም አልተገኘም። ይሄ በሽታ ሊምፍ ኖድና ጣፊያ ውስጥ መግባቱ የተለመደ ነው፣ ቆዳ ወይ የአንጎል ሽፋን ላይ ሲወጣ ግን ብርቅ ነው፣ ደሙ ላይ የተለየ ለውጥ ሳይታይም ሊመጣ ይችላል።

ሜቶትሬክሴት የሚባል የካንሰር መድኃኒት በሰረሰሩ ተጀመረለት። ከሦስተኛው መርፌ በኋላ የመጣው ፈሳሽ ላይ የቆጠርኩት 4 ብቻ ነበር። ሪኩዌስቱ ላይ ያኔም ሂስትሪ አልተጻፈም፣ እንደማውቀው እያወቅሁ ዋርድ ደውዬ ጠየቅሁ።