ፓሎ ዱሮ ዋልኩ

ዛሬ ቴክሳስ፣ አማሪሎ ላይ የጭነት መኪናዬ ሎድ ቶሎ ተራገፈልኝና ፓሎ ዱሮ ካንየን ወረድኩ፣ ገደሉ ቀይ በቀይ ነው፣ ግራና ቀኙ ራሱ ለከብት አጥር ይሆናል። ከብት አርቢው ቻርልስ ጉድናይት እ.ኤ.አ በ1876 ከብቶቹን ነድቶ የገባው እዚህ ነው። ቦታውን ባዶ ያገኘው ግን የአገሬው ነባር ሕዝቦች ኮማንቼዎቹና ካዮዋዎቹ በ1874 በአሜሪካ ጦር ስለተባረሩ ነው፣ እዛ ቆሜ እሱ ከውስጤ አልወጣ አለኝ።

ሰውየው በ1873ቱ የባንክ ቀውስ ያፈራው ሁሉ ሄዶበት ነበር፣ ከዛ በ1877 ጆን አዴር ከሚባል የአየርላንድ ባለሀብት ጋር ተዋዋለ፣ ብሩ ከአዴር፣ ልፋቱ ከሱ፣ ደሞዝ በአመት 2,500 ዶላር፣ የሱ ድርሻ አንድ ሶስተኛ ሆኖ እሷንም ቢሆን ከራሱ ከአዴር በ10 ፐርሰንት ወለድ ተበድሮ ነው ያስገባት! ከባድ ውል ነው በናታችሁ፣ ሳሩንም ውሃውንም መንገዱንም የሚያውቀው እሱ እኮ ነው። ግን ሰራው፣ ራንቹ፣ ማለትም የከብት እርባታው፣ 100,000 ከብት ገደማ ደረሰ።

እኔ ይበልጥ የወደድኩት የጉድናይትን ሚስት ሜሪ አንን ነው፣ አዳኞች ጎሹን ሲጨርሱት እናት አልባዎቹን ጥጆች ሰብስባ አሳደገች፣ ዘራቸው ዛሬም እዚሁ ቴክሳስ ኬፕሮክ ካንየንስ ፓርክ ውስጥ አለ። በዛ በኩል ሎድ ካገኘሁ ሄጄ አያቸዋለሁ።