በቡና ጥላ ሥር ሶላር መብራት መትከል

በጅማ ዙሪያ ገጠር ሶላር መብራት ስተክል መጀመሪያ የማየው ጣሪያውን ሳይሆን ዛፉን ነው። ቤቱ ያለው ቡናው መሀል ነው፤ ሳሳውና ዋንዛው ከላይ ያለብሱታል። «ተበላሸ» ተብሎ የሚመጣልኝ መብራት ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው፤ ፀሐይ አጥቶ ነው።

የምተክለው ባለ 3 ዋት፣ 6 ቮልት ፓነል ነው። ስጀምር ቮልቱን ብቻ ለክቼ «ይሠራል» እል ነበር፤ ተሳስቼ ነበር። ጥላ ውስጥም ቢሆን ቴስተሩ ወደ 6 ቮልት ሊያሳይ ይችላል፤ የሚወድቀው አምፒሩ፣ ማለትም የሚፈሰው የኤሌክትሪክ መጠን ነው። አሁን ቴስተሩን 10 አምፒር ላይ አድርጌ ሁለቱን የፓነል ሽቦዎች በእሱ አገናኛለሁ። ደህና ፀሐይ ላይ 0.5 ገደማ ያሳያል፤ ከ0.1 ከወረደ ቦታ እቀይራለሁ። ባትሪ ላይ ግን ይህን እንዳትሞክሩት፣ አደገኛ ነው። የፓነሉ ሴሎች ተከታትለው ስለተያያዙ የእንሰት ቅጠል አንዷን ብቻ ቢጋርድ እንኳ የሁሉም ጉልበት ይታነቃል። ስለዚህ ጠዋት 3፣ ቀን 6 እና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ፓነሉን ይዤ ግቢውን እዞራለሁ።

ቦታው ከተገኘ በባህር ዛፍ ግንድ ላይ አስረዋለሁ። ፀሐይዋ እዚህ አናት ላይ ስለምትውል ብዙ ማዘንበል አያስፈልግም፤ 20 ሳንቲ ሜትር ፓነል ከሆነ አንዱን ጫፍ 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ይበቃል፤ ዝናቡ አቧራውን ያጥብለታል። ጭስ ከሚወጣበት ማድ ቤት ግን ይራቅ፤ ጥቀርሻ በዝናብ አይለቅም።

ሽቦ ሲያጥር በቀጭን የስልክ ሽቦ መቀጠል የተለመደ ነው። 10 ሜትር እንዲህ ያለ ሽቦ አንድ ቮልት ያህል ይበላል። 1 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነውን ግዙ።

ከሁሉ በላይ ያሳተኝ ከመብራቱ የሚሞላው ስልክ ነው። የመብራቱ ባትሪ 3.2 ቮልት፣ 3000 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው፤ ሞልቶ 9.6 ዋት ሰዓት ይይዛል፣ 1 ዋት አምፖል ሌሊቱን ሊያበራ ምንም አይቀረው። ባለ ቁልፍ ቀፎ አንዴ ሲሞላ ግማሹን ይወስዳል፤ ስማርት ስልክ ደግሞ ሁሉንም ጠጥቶ አይጠግብም። ስለዚህ ቤተሰቡን የምለምነው ስልክ በቀን፣ ፀሐይ እያለ እንዲሞላ ነው። ክረምት ላይ ደመናው ሲከብድ ጨርሶ አይሞላ።

የቡና ለቀማ ሲደርስ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እሸቱን መለየት ማታም ይቀጥላል፤ በኩራዝ ብርሃን ቀዩና ጥሬው ይመሳሰላሉ፣ ጭሱ ደግሞ ዓይን ያቃጥላል። መብራቱን ከሰፌዱ በላይ አንድ ክንድ ያህል ስሰቅለው ጥሬዋ ፍሬ ወዲያው ትለያለች።

ባትሪ ስትቀይሩ ዓይነቱን ጠይቁ። ባለ 3.2 ቮልቱ ለ3.7 በተሠራ ቻርጅ ከተሞላ ከልክ ያልፍና ይጎዳል። መብራቱን ለወራት የምታስቀምጡት ከሆነ ደግሞ ሞልታችሁ አስቀምጡት፤ ባዶውን የከረመ ባትሪ ብዙ ጊዜ አይነሳም።